የዘጠነኛዋ ታንክ ፊልም

ኮሎኔሉ ስብሰባ አይወድም። የጦር ቃል ኪዳኑ አገሮች ጄኔራሎች በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ስለ መከላከያ ማዘመን ሲያወሩ እሱ እንቅልፉ ይመጣል። ዘንድሮ ግን አለቃው «ብርጌድህን ያስፈጀው አሮጌ መሣሪያ ነው፤ ሄደህ ስማ» ብለው ላኩት።

አምና አሥራ ሁለት ታንኮቹ በአንድ ረፋድ ነደውበታል። ዘጠነኛዋን የሚነዳው የእህቱ ልጅ ነበር። በሬዲዮ «አጎቴ፣ ከላይ ነው! ከላይ ነው!» እያለ ጮኸ፤ ከዚያ ጩኸት ብቻ ቀረ። ኮሎኔሉ ሬሳውን ከወንበሩ ያላቀቀው በዲጂኖ ነው። ለእህቱ ያስረከባት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ ሕፃን የሚያህል ነገር ነበር። የመታው ጠላት ነው ተባለ፤ አመነ።

የወዳጅ አገር የአየር ኃይል ጄኔራል መድረክ ላይ ወጣ፤ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው።

«አዲሷ ድሮናችን እውነተኛ ዒላማ ላይ ስትሠራ እዩልኝማ!» ብሎ ፊልሙን ለቀቀው።

ታንኮች በሸለቆ ተሰልፈው ይሄዳሉ። አንዱ ነደደ፤ ቀጥሎ ሌላው። አንድ ሰው እሳት ለብሶ ወጣ፤ ሮጠ፤ ተደፋ። ኮሎኔሉ ሸለቆውን አወቀው። ወዲያው ጣሪያዋ ላይ በነጭ ቀለም «9» የተጻፈባት ታንክ ብቅ አለች።

ተነሥቶ ቆመ። «ታንኮቹ የማን ናቸው?»

«የጠላት ናቸዋ! የማን ሊሆኑ ኖሯል?» ጄኔራሉ ሳቀ፤ አዳራሹም አጀበው።

«የእኔ ናቸው።»

ጄኔራሉ ፊልሙን ለማጥፋት ተንደረደረ። ያጋለጠው ይኸው ነው፤ ባያውቅ እጁ ባልቸኮለ፤ የታንኮቹ አዛዥ አዳራሹ ውስጥ ይኖራል ብሎ ግን አላሰበም ነበር። ኮሎኔሉ ጠረጴዛ ዘሎ ደረሰበትና የውሃውን ጆግ ፊቱ ላይ ሰበረው። ከወደቀም በኋላ በቡጢ እየደጋገመ ጥርሱን አረገፈው። ጠባቂዎቹ በሰደፍ ጎድኑን ሰብረው እስኪጥሉት ድረስ «ቁጥሯን እዩ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ሆስፒታል እጁ ከአልጋው ጋር በካቴና ታስሮ ሳለ አለቃው መጡ።

«ስህተት ነበር፤ እኛም ዘግይተን ነው የሰማነው» አሉ፣ ዐይኑን ሳያዩ። «ሆድ ይፍጀው በልና ክሱ ይቅርልህ።»

«የእኔ ሆድ ሞልቷል፣ ጌታዬ።»

በማግስቱ እህቱ መጣች፤ ሁሉንም ነገራት። አላለቀሰችም።

«ሰውየውስ ምን ሆነ?»

«አንድ ዐይኑ ጠፋ።»

«አንዱን ለምን ተውክለት?» አለችና የታሰረ እጁን ይዛ ተቀመጠች።

ስምንት ዓመት ተፈረደበት። የአሥራ ሁለቱ ታንኮች ሟቾች ቤተሰቦች ፍርድ ቤቱን ሞልተውት ነበር፤ በካቴና ሲወጣ ሁሉም ብድግ አሉለት።