አምሮብሻል

አንዷለምን ያቃጠለችው አንዲት ቃል ናት። ሚስቱ የትናየት፣ ሞጣ ላይ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆማ፣ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈች። ከሥሩ ስጦታው የሚባል ሰው «አምሮብሻል» ብሎ ጻፈና ቀይ ልብ አስከተለ። አንዷለም ቢቸና ግብርና ጽሕፈት ቤት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያቺን ልብ በጣቶቹ አስፍቶ አስፍቶ አያት። ብትሰፋም ያው ልብ ናት።

ቀሚሱንም አያውቀውም። መቼ አሠራችው? ማን መረጠላት? አገር ያየውን የሚስት ቀሚስ ባል እንደ ማንም በስልክ ይየው? ደውሎ ቢጠይቃት ወዲያው የሚያልቅ ነገር ነበር። የቀና ሰው ግን መልስ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ምስክር ነው። ስለዚህ በራሱ ገጽ ላይ እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ «ትዳሯን ቢቸና አስቀምጣ ውበቷን ሞጣ ለምትሸጥ፣ ገበያ ይቅናት።» ስም አልጠራሁም ብሎ ራሱን አጽናና። በመሥሪያ ቤቱም በሰፈሩም ሚስቱ ሞጣ የምታስተምር ሌላ ወንድ አልነበረም።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ለቅሶ ደራሹ ግልብጥ ብሎ መጣ። «አይዞህ ወንድሜ» የሚለው በዛ። ከደጀን አንዱ፣ የትናየትን በዓይኑ አይቷት ሳያውቅ፣ ጠባይዋን ከጥንት ጀምሮ እንደሚያውቅ ጻፈ። አንዷለም ይህን ሲያነብ አንጀቱ እያረረ እንኳ፣ ስንት ሰው እንዳዘነለት ለማየት ስልኩን መላልሶ ይከፍት ነበር።

የትናየት ስልኳን ዘጋች። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው ሴት ቀረች፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ቀረች። ከዚያ እናቷ ወይዘሮ አገሬ፣ ልጃቸው ዕቃዋን የሚያነሣ ሰው እንደምትልክ አስነገሩት። ይሄኔ አንዷለም ምስክር በዝቶለት ሚስት ሊያጣ መሆኑ ገባው። ሽማግሌ ለመነ።

ጋሽ ገብረ ሕይወት ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ከእሱ ጋር ወደ ሞጣ በሚኒባስ ተሳፈሩ። ጉንደ ወይን ላይ የገባ መንገደኛ አንዷለምን ትኩር ብሎ አየውና፣ ያ ገበያ ይቅናት ያለው ሰው መሆን አለመሆኑን ጠየቀው። አንዷለም ተኝቶ የነበረ መሰለ።

ወይዘሮ አገሬ ቤት እንደተቀመጡ ጋሽ ገብረ ሕይወት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደ ወጉ፣ ሽምግልና ምስጢር መሆኑን አስታውሰው፣ የባልና የሚስት ገበና ከዚህ ደጃፍ እንዳይወጣ ሁሉም በእግዜር ስም ቃል እንዲገባ አሳሰቡ።

«ወዴት ይውጣ ብለው ነው?» አሉ ወይዘሮ አገሬ። «ገበናው ውጭ ውጭ ሲያድር ከርሞ ነው እኛ ቤት የገባው። እኔ የሰማሁት ከሽንኩርት ሻጮች ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱን ሳል ያዛቸው። «አይዞህ» ካሉት መካከል እሳቸውም ነበሩበት።

የትናየት፣ ተማሪዎቿ ሰሌዳው ላይ «ገበያ» ብለው ጽፈው እንደጠበቋት በእርጋታ ተናገረች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«አገሩን ሁሉ አማከርክ። እኔን ጠየቅከኝ?»

አንዷለም አቀረቀረ። እንዳቀረቀረም፣ «ያ ስጦታው ማነው?» አለ።

«ቀሚሱን የሰፋው ልብስ ሰፊ ነዋ። ለሰፋላት ሁሉ እንደዚያ ይጽፋል፤ የራሱን እጅ ማመስገኑ ነው። ለፋሲካ ለብሼው ልመጣልህ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። አንዷለም እፎይ አላለም። ልብስ ሰፊ ከሆነ ለክቷታል። ከለካት ሜትሩ በወገቧ ዞሯል። ሰውየው ስልክ ውስጥ ብቻ በነበረ ጊዜ ይሻል ነበር። ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የጋሽ ገብረ ሕይወትን ዓይን አየና ዘጋው።

ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ ጭኖ ተመልሶ ገባ፤ የበደለ ሰው እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ለመነ። በታጠረ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ብዙም አይከብድም።

«ድንጋዩን አውርድና ስልክህን አንሣ» አለች የትናየት። «የሰደብከኝ እዚህ ቤት አይደለም።»

ይሄኛው ከበደው። ጽሑፉን ላጥፋውና ይብቃ ብሎ ተማጠነ። ወይዘሮ አገሬ፣ ካነበበው ሰው ሁሉ ሆድ ውስጥም ያጠፋው እንደሆነ ጠየቁት። በቃ፣ መጻፍ ሆነ። ሽማግሌዎቹም እንደ ቅኔ ቤት ተማሪ ቃል በቃል ተከራከሩበት፤ አንደኛው «ምናልባት» የምትል ትግባ ሲሉ ጋሽ ገብረ ሕይወት አስወጧት። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «ባለቤቴ የትናየት ምንም አላጠፋችም። ቀንቼ ዋሸሁባት። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ላቡን ጠርጎ ለጠፈው።

ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ተነሡ። የትናየት ግን እመጣለሁም አልመጣም አላለችም። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ስልክ መንጫጫት ጀመረ። አንዷለም እጁን ሰብስቦ ቀረ፤ ያነሣችው እሷ ናት። እያነበበች ወረደች፣ ወረደችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ሳባ የምትባል ሴት «እንዲህ ያለውን ወንድ ለእኔም በሰጠኝ» ብላለች።

የትናየት ስልኩን ወደ ባሏ አዞረችው። የቅድሙ እርጋታ ከፊቷ ጠፍቷል።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

አንዷለም ሳባን አያውቃትም። ይህን ለመናገር ግን አልቸኮለም። ዕቃዋን ልታስነሣ የቆረጠች ሴት በዚህ ድምፅ አትጠይቅም፤ ፈገግታውን መደበቅ አቃተው።

«ምን ያስቅሃል? ማናት አልኩህ!»

ጋሽ ገብረ ሕይወት ለምርቃት የዘረጉትን እጅ አጠፉ፤ ጋቢያቸውንም ሰብስበው ተመልሰው ተቀመጡ።