ትራሱ የተኛበት ሰዓት

ባለቤቴ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ሲተኙ ትንፋሻቸው ይቋረጣል። ስለዚህ ቀን ቀን በቅዳሴ መሀል መቋሚያቸውን ተደግፈው ያንኮራፋሉ። በ1982 ዓ.ም. እህታቸው ከስዊድን በአፍንጫ አየር የሚነፋ ማሽን ላኩላቸው። ማሽኑ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር ትንሽ መስኮት አለው።

ከወር በኋላ ማሽኑን ተሸክመን ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ሄድን።

ሐኪሙ መስኮቱን አነበበ። "ሁለት መቶ አርባ ሰዓት! በአንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ታዲያ ተሻለዎት?"

መሪጌታ ወንበሩ ላይ ተኝተዋል።

የሐኪሙ ፊት ጠቆረ። "ይህን ሁሉ ሰዓት ተጠቅመው ካልተሻላቸው ጉሮሯቸውን መብሳት ሊኖርብን ነው። ዜማው ግን ይቀራል።"

እኔ ያገባሁት ያንን ድምፅ ነው።

"ዶክተር፣ እኩለ ሌሊት ላይ ለጸሎት ሲወጡ ማሽኑን አያጠፉትም። የሰዓቱን ግማሽ የተነፈሰው ትራሱ ነው።"

መሪጌታ ነቁ። "ቁጥሩ እንዳይጎድል ብዬ ነው። ቀበሌም የሚፈልገው ቁጥር ነው።"

ሐኪሙ ሳቀ። "አባቴ፣ ይህ ማሽኑ የሠራበት እንጂ እርስዎ የተኙበት ሰዓት አይደለም። ሲነሱ ያጥፉት፤ የጎደለውን ሰዓት ደግሞ ቀን ላይ ማሽኑን አድርገው ይተኙ። ጉሮሮዎን አልነካም።"

"በጠራራ ፀሐይ መሪጌታ ተኛ ሲባል ሰው ምን ይለኛል?"

"አሁንም እኮ ቀን ነው" አልኳቸው። "ያውም በሰው ወንበር።"