ራፕ አድርገው

እምነት እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነው ወደ ቬፕ ሱቁ የገባችው። ከኋላዋ አባቷ አቶ ሀብተሥላሴ በፋሻ የተጠቀለለ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ፣ "ተይ ልጄ፣ ይቅርብን" እያሉ ይከተላሉ። ትናንት በቀትር ከግሮሰሪ ወጥተው መኪናቸውን ሲከፍቱ፣ ኪሳቸው ውስጥ የነበረው ቬፕ፣ ያ በባትሪ የሚሠራው ሲጋራ፣ ፈንድቶ ጭናቸውን ልጦታል። ሐኪሙ "ትንሽ ወደ ላይ ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ሳይጨርስ ነው የተወው።

እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት ካዚኖ ኩሽና ውስጥ ሲጠብሱ ኖረው፣ የዘይት ፍንጣሪ እንኳ ሳይደርስባቸው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሲጋራ ተው ቢባሉ እሺ ብለው፣ በሰባ ዓመታቸው እንደ ጎረምሳ ቬፕ የጀመሩትም ለሳንባቸው ሲሉ ነው። ታዲያ አንድ የሰፈራቸው የዊንቸስተር ሱቅ እንዲህ ይጫወትባቸው? እምነት ይህን ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላል፤ ከትናንት ጀምሮም አልበረደም።

ሻጩ ሊውል፣ ዲቪ ደርሶት ከአዲስ አበባ የመጣ ረጋ ያለ ጎልማሳ፣ ከወንበሩ ተነሳ። "እህቴ፣ ምን ልርዳሽ?"

"እህትህ አይደለሁም! ሱ አደርጋችኋለሁ፣ ፍርድ ቤት እገትራችኋለሁ! ላይሰንሳችሁን ነው የማስነጥቀው!" የቀለጠውን ቬፕ በላስቲክ እንደተቋጠረ የባንኮኒው መስታወት ላይ ወረወረችው።

ሊውል አልተከራከረም። መጀመሪያ ለአቶ ሀብተሥላሴ ወንበር አቀረበ። ቀጥሎ ጓንት አጥልቆ ዕቃውን ፈለቀቀው። ከውስጡ የከሰለ ባትሪ ወጣ፤ ባትሪው ላይ ደግሞ የተጨማደደ የአልሙኒየም ፎይል ተጣብቋል።

"አባባ፣ ይሄ ዕቃ የተሠራው ለወፍራሙ ባትሪ ነው። እርስዎ የከተቱት ቀጭኑን ነው።"

"የድሮው ቬፔ ድንጋይ ነው" አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። "ገና ደህና ነው፤ ማን ይጥለዋል? ግን ቤቱ ሰፋበትና ተንቀጫቀጨብኝ።"

"ቀጭኑንም ይቀበላል፤ ይቺን ካለበሱት።" ከመሳቢያ አንዲት የፕላስቲክ ቱቦ አወጣ። "እንደዚች ያለች ካርቶኑ ውስጥ አብራ ነበረች። ባትሪውን ደግፋ ትይዘዋለች፤ ፕላስቲክ ስለሆነች ኤሌክትሪክ አታሳልፍም። ፎይል ግን ብረት ነው። የባትሪው ልባስ ትንሽ ከተላጠና ፎይሉ ጎኑን ከአናቱ ጋር ካገናኘው፣ ሾርት ያደርጋል። ያለውን ኃይል ሁሉ ባንዴ ይተፋል።"

እምነት ለትምህርት አልመጣችም። "ታዲያ ማነው በፎይል ጠቅልለው ያለው? አባቴ ከመሬት ተነስቶ ፎይል አይጠቀልልም! ከናንተ አንዱ ነው!"

"እኛ እንደዚህ አንልም።"

"ብላችኋል! ውሸታሞች ናችሁ! አባዬ፣ ንገረው! ማነው ያለህ?"

አቶ ሀብተሥላሴ መሬት መሬቱን አዩ። "እንሂድ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"የትም አንሄድም! ንገረው አልኩህ!"

ሽማግሌው ተጨነቁ። ዋሽተው አያውቁም፤ ልጃቸው ደግሞ መውጫ አልሰጠቻቸውም። "ፎይል ያለኝ ሰው የለም። ራፕ አድርገው ነው ያለችኝ። እኛ ኩሽና ራፕ፣ መጠቅለያ የምንለው ፎይሉን ነበር፤ ሌላ መኖሩን አላወቅሁም።"

"ያለችኝ!" እምነት ቃሉን ከአፋቸው ነጠቀች። "ሰማህ አይደል? ሴት ናት! የታለች? አሁኑኑ ጥራት!"

"እህቴ" አለ ሊውል ቀስ ብሎ፣ "እዚህ ሴት አትሠራም። እኔና ወንድሜ ስምዖን ብቻ ነን።"

እምነት ሌላ ስድብ ልታወርድ ስትል፣ አንድ የስልክ ንግግር ትዝ አላት።

ባለፈው ሳምንት ነው። የሆቴሉ ሪሴፕሽን ላይ እንግዳ ተሰልፎባት አባቷ ደወሉ፤ "ድንጋዩ ተንቀጫቀጨ፣ ምን ላድርግ?" አሉ። ስልኳ ላይ ቼክ ስታደርግ ስሊቭ ያስፈልገዋል ይላል፤ ያችው ሊውል ያወጣት ቱቦ መሆኗ ነው። ስሊቭን በአማርኛ ብትፈልገው የመጣላት እጅጌ ነው፤ ለባትሪ እጅጌ ደግሞ ምን ይሉታል? "ራፕ አድርገው" አለች። "በምን?" ሲሏት፣ "አባዬ፣ ራፕ ማለት ራፕ ነው! ሺፍት ላይ ነኝ!" ብላ ጆሯቸው ላይ ዘጋችባቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የአባት ጭን ግን አይለቀምም። ያን ቀን ከዘጋች በኋላ ነገሩን ረስታው ነበር።

አሁን በማን ትጩህ? ሊውል ነገሩ ገብቶት፣ እንዳታፍር ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮላት ነበር፤ ይህ ደግሞ ከስድብ በላይ አናደዳት።

"ካልገባህ ለምን መልሰህ አልደወልክልኝም?" አለች አባቷ ላይ ዞራ። ድምጿ አሁንም የቁጣ ነው፤ ሌላ ድምፅ አልመጣላትም።

አቶ ሀብተሥላሴ ቀና ብለው አዩዋት።

"ትቆጪኛለሽ ብዬ ፈራሁ" አሉ።