ለሮዌና ሳህን የሚሆን ዓሣ

ሐይቁ አንድ ነው፤ ሕጉ ሁለት። እኛ የአገሩ ነባር ሕዝብ ኦጂብዌዎች የድርሻችንን በመረብ እናወጣለን፤ የሚኒሶታ ግዛት ነጮች ደግሞ ለመዝናናት በመንጠቆ ያጠምዳሉ። አያቶቻችን መሬቱን ፈርመው ሲሰጡ ዓሣውን አልሰጡም። ፍርድ ቤት ይህን ካጸደቀልን ወዲህ የግዛቱ ሰዎችና እኛ በየዓመቱ አንድ ጠረጴዛ ከበን፣ ኦጋ የምንለውን ዓሣ እንካፈላለን። እኔ ሌስተር በእኛ በኩል ከሚቀመጡት አንዱ ነኝ። ሥራው ብዙ ወሬና ቀዝቃዛ ሳንድዊች ነው።

ዘንድሮ ኦጋው ስለሳሳ ሁለቱም ወገን እጁን ሰበሰበ። እኛ በረዶው እንደቀለጠ ጥቂት አወጣንና መረቡን ሰቀልን፤ ለቀብርና ለስም ማውጣት የምናስቀምጣትን ጥቂት ድርሻ እንኳ ዘጋን። ይዘጋ ብለው እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነበርኩ። ነጮቹም አንድ ዓሣ ወደ ቤት እንዳይወስዱ ተከለከሉ፤ ማጥመዱ ግን አልተከለከለም። ይይዙታል፣ አቅፈውት ፎቶ ይነሣሉ፣ ይመልሱታል። እኛ ዘንድ ይህ በምግብ መጫወት ነው።

ከተመለሰው ውስጥ ስንቱ ይሞታል? የድሮውም የዘንድሮውም ጭቅጭቅ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የግዛቱ ባለሙያዎች ውሃው ሲሞቅ ብዙ ይሞታል ይላሉ፤ ሞተ ያሉትንም ከነጮቹ ድርሻ ላይ ይቀንሳሉ። ድርሻው ካለቀ መንጠቆ የሚባል ነገር እስከሚቀጥለው ዓመት ውሃ አይነካም።

ኤልደን ብሩስታድ ከአባቱ የወረሰው የእንግዳ ማረፊያና አንድ ትልቅ ጀልባ አለው። ማጥመድ በሐምሌ ከተዘጋ ማረፊያው እንደማይተርፍ የማያውቅ የለም። ስለዚህ በየስብሰባው ይነሣና፣ «ከጀልባዬ ኋላ አንድ የሞተ ዓሣ አይቼ አላውቅም!» ይላል። በአባቱ መቃብር ይምላል።

«ታዲያ እነዚያ ዓሣ ለቃሚ ነጫጭ ወፎች የሚከተሉህ መልክህን ወደውት ነው?» እለዋለሁ።

ሰው ይስቃል፤ ኤልደን ይቀላል፤ ቁጥሩ ሳይወሰን እንበተናለን። እንዲህ ስንባባል ዓመታት አለፉ። አልደብቅም፣ እሱን ማናደድ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ የአክስቴ ልጅ ሮዌና ሞተች። በእኛ ወግ ሟች በአራተኛው ቀን መንገድ ይጀምራል፤ ለመንገዱም የሚወደው ምግብ በሳህን ይቀርብለታል። ሮዌና ደግሞ የምትወደው የታወቀ ነው፤ በስብ የተጠበሰ ትኩስ ኦጋ። ጎረቤቶች ከማቀዝቀዣቸው የዓምናውን እያወጡ ሲያመጡ ወንድሟ ክላይድ በሩ ላይ ቆሞ መለሳቸው።

«ዕድሜ ልኳን በረዶ በረዶ ይላል እያለች ስትጸየፈው ኖራ፣ ዛሬ የመጨረሻ ምግቧ ላድርገው?» አለ።

ትኩስ ዓሣ እንዲወጣ መፍቀድ የምትችለው የጎሣው ዓሣ ጠባቂ ናት። ጠባቂዋ ደግሞ ጀርሊን ናት፤ የሮዌና ልጅ።

«አንዲት መረብ፣ ልጄ። ለአንዲት ጠዋት» አላት ክላይድ።

«አጎቴ፣ ባለፈው ወር የነአርዲስን ቀብር በድንች ነው ያሳለፍነው። የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ለእናቴ ብዬ ከከፈትኩ በየት በኩል ነው ሰው ፊት የምቆመው?»

«እናትሽ በባዶ ሆዷ ትሂድ?»

ጀርሊን ጃኬቷን አንሥታ ወጣች። ዓይኖቿ ደርቀው ነበር፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ስታለቅስ ያየ ሰው የለም።

ክላይድ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ኮሚቴ! ያን ሁሉ ሕግ ስትጽፉ ሰው ይሞታል የሚል አልመጣላችሁም?»

«የሞተ ዓሣ ነው የመጣልን» አልኩት።

ለቀልድ ነበር የተናገርኩት። ግን እውነትም እንዲህ የሚል አንቀጽ አለ፤ አጥማጁ ወይም የጀልባው ባለቤት የሞተበትን ዓሣ ይዞ ቀርቦ እንዴት እንደሞተ ከሁለቱም ወገን ምስክር ፊት ከተናገረ፣ ጠባቂዋ ተረክባ ለፈለገው ሰው ትሰጥለታለች። ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። በዚህ ሐይቅ ላይ ዓሣ ገደልኩ ያለ ሰው ተፈጥሮ አያውቅማ። ነገሩን ስነግረው ክላይድ ኮፍያውን አደረገ።

«መኪናህን አስነሣ።»

«ወዴት?»

«ወደ ገዳዩ።»

ኤልደን ጀልባውን እያሰረ ነበር። ክላይድ ሰላም እንኳ ሳይለው በቀይ ጨርቅ የተቋጠረች ነገር ዘረጋለት፤ ኤልደን ተቀበለ። ሰው የሆነ ነገር ሲዘረጋለት እጁ ይቀድማል። ከተቀበለ በኋላ ነው ፊቱ የተለወጠው። አጠገባችን ነው ያደገው፤ በእኛ ወግ ትምባሆ የተቀበለ ሰው የተጠየቀውን እሺ ማለቱ እንደሆነ ያውቃል።

«ክላይድ፣ አንተ ሌባ! ለምኑ ነው ይሄ?»

«ለአንድ ኦጋ። ለሮዌና ሳህን።»

«አበድክ? ማንም ይዞ መውጣት አይችልም። ፈቃዴን ይነጥቁኛል።»

«በሕይወት ያለውን ማን ጠየቀህ? የሞተውን ነው።»

ኤልደን ወደ እኔ አፈጠጠ። «አንተ ነህ ይህን የሸረብከው!»

«እኔ ዛሬ ሾፌር ነኝ» አልኩ።

«የሞተ የለኝም። ስንቴ ልናገር?»

«ሰምተናል» አለ ክላይድ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «ካላየህ አላየህም። ሐሙስ ከቀብሩ በፊት ናና ትምባሆዬን መልስልኝ። አልቀየምህም።»

ኤልደን ቋጠሮዋን ከእጅ እጅ አገላበጣት። ሮዌና በወጣትነቷ በአባቱ ማረፊያ ዓሣ ታርድ ነበር። እሱ ያኔ ልጅ ነው፤ እናቱ ታማ በተኛችበት ዓመት ምሳውን የምታበላው እሷ ነበረች። ይህን ማናችንም አላነሣንም። ቋጠሮዋን ኪሱ ከተተና ጀልባውን ማሰሩን ቀጠለ።

ሐሙስ ረፋድ አዳራሹ ሞላ። ሬሳው መሐል ነው፤ አጠገቡ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሳህኑ ተቀምጧል፤ የሐይቅ ሩዝ፣ ቂጣ፣ የቤሪ ፍሬ፣ እና ለዓሣው የተተወ ባዶ ቦታ። የግዛቱ የዓሣ ባለሙያ ሴትዮም ሮዌናን ትወዳት ስለነበር መጥታ ከኋላ ሾርባ ትጠጣለች። ክላይድ በሩን በሩን ያያል።

ኤልደን ክራቫት አስሮ ገባ። እጁ ላይ የፕላስቲክ የበረዶ ሣጥን አለ።

ጀርሊን ከእናቷ ራስጌ ተነሣች። የለበሰችው የእናቷን ቀሚስ ነው፤ ድምጿ ግን የሥራ ድምፅ ነበር።

«አቶ ብሩስታድ፣ ይህን ዓሣ ማን ያዘው?»

«የእኔ እንግዳ። ከእኔ ጀልባ ላይ። ዛሬ ጠዋት።»

«እንዴት ሞተ?»

ኤልደን ሬሳውን አየ። «የእንግዳዬ ልጅ ፎቶ ልነሣ ብሎ ብዙ አቆየው። ከዚያ እኔ ራሴ ተቀብዬ ውሃው ውስጥ ለቀቅሁት። ‹አያችሁ፣ ዋኝቶ ሄደ› አልኳቸው፤ አጨበጨቡ። ጀልባዋን ሳዞር ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፏል።»

የባለሙያዋ ማንኪያ ቆመ። ሕጉ የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ጀርሊን ግን አልተቀመጠችም።

«የሞተብህ ይህ ብቻ ነው?»

«ተይው ልጄ፣ ለሳህኑ አንድ ይበቃል» አለ ክላይድ።

ኤልደን ዝም ቢል ማንም አያስገድደውም ነበር። መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገ።

«አይደለም። በየቀኑ ነው። ሲሞቅማ በየጉዞው። ለእንግዶቹ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት እዩ እላቸዋለሁ፤ ወደ ኋላ እንዳያዩ።»

«ዓሣው ለማን ይሰጥ?»

«ለሮዌና። አብልታኛለችና።»

ጀርሊን ሣጥኑን ከእጁ ተቀበለች። ወደ ወጥ ቤት ይዛው ስትሄድ መሐል ላይ ቆመች፤ ሣጥኑን እንዳቀፈች እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ክላይድ ዓሣውን ራሱ ጠበሰው፤ አንድ እሾህ ሳያስቀር ለቅሞ ሳህኑ ላይ አኖረው። ሮዌናን ከሰዓት በኋላ ቀበርናት።

በሳምንቱ ተሰበሰብን። ሊቀ መንበሩ ሞተ የተባለውን ዓሣ ቁጥር አንብቦ ተቃውሞ እንዳለ ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ወደ ኤልደን ዞረ፤ ኤልደን ጉልበቱን እያየ ተቀምጧል። የነጮቹ ድርሻ አልቆ ማጥመዱ ከዓርብ ጀምሮ ተዘጋ። ሐይቁ እንዲያርፍ ፈልጌ ነበር፣ አረፈ፤ ቁጥሩም ትክክል ነበር። ያቺን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ዓመት ስጨቀጭቀው ኖሬ፣ አዳራሹ ውስጥ «በየቀኑ ነው» ሲል ግን መልሶ እንዲውጣት ነበር የተመኘሁት። ቁጥሩን ለማጽደቅ እጅ ሲወጣ ጎኔ የተቀመጠው ሰው በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ እጄን ሳላወጣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።