ተመላሽ መሆኑ ይረጋገጥ

በ2001 ዓ.ም. ቃሊቲ ያለው የጀሪካን ፋብሪካችን ከዓለም ጋር የሚገናኘው በአንድ የስልክ መስመር ነበር። ሞደሙ ሲደውል እንደታነቀች ዶሮ ይጮኻል፤ ከዚያ ራውተሩ የመጣችውን ጭላጭ ለአስራ አንድ ኮምፒውተር ያካፍላል። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወልደገብርኤል ሽሚያ ስለማይወዱ መስመሩን በደብዳቤ ደለደሉት፦ ግማሹ ለሥራ አስኪያጅ፣ ሩቡ ለምክትላቸው፣ የቀረው «ለልዩ ልዩ»። ልዩ ልዩ የተባልነው እንግዲህ ሥራ የምንሠራው ነን። እኔም የአይቲ ባለሙያ ተብዬ ድልድሉን ራውተሩ ላይ ጫንኩት።

አንድ ማክሰኞ አቶ ወልደገብርኤል ስለ መረጃ ደህንነት ሰልጥነው መጡ። ስልጠናው የግማሽ ቀን ነው፤ ምሳም ነበረው።

«ሙንታሲር፣ ይሄ ራውተር የሚያልፈውን ይፈትሻል አይደል?»

«አዎ። መረጃው ተቆራርጦ በትንንሽ ጥቅል ነው የሚጓዘው፤ ፓኬት ይባላል። እያንዳንዷን አይቶ ያሳልፋል ወይ ያግዳል።»

«ታዲያ በር ነዋ! የበሩን ደንብ ጫንበት። የሚገባው ይግባ፤ የሚወጣው ግን ያለ መውጫ ወረቀት እንዳይወጣ።»

«ጥያቄ ካልወጣ እኮ መልስ አይገባም...»

«ሃያ ዓመት ፋብሪካ ስመራ ወደ ውስጥ የተሰረቀ ጀሪካን አይቼ አላውቅም!»

ጫንኩት። ምንም አይወጣም፤ ስለዚህ ምንም አይገባም። እንደዚያን ቀን ደህንነታችን ተጠብቆ አያውቅም።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የሽያጭ ክፍሏ ፈውዚያ እያለከለከች መጣች። ናይሮቢ ላለ የእርዳታ ድርጅት የጀሪካን ጨረታ ሰነድ በኢሜይል ልትልክ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልደረሰ ኮንትራቷ እንደማይታደስ ተነግሯታል።

«ሙንታ፣ በአላህ ክፈትልኝ!»

«ያለ መውጫ ወረቀት?»

«ወሬህን ተው፤ ማነው የሚቆርጠው?»

መውጫ የሚቆርጡት የጥበቃ ኃላፊው ጋሽ ሂርጳ ናቸው። በሩ ድረስ ሮጥን። መነጽራቸውን አጥልቀው የመውጫ ጥራዛቸውን ገለጡ።

«የዕቃው ዓይነት?»

«ኢሜይል።»

«ብዛት?»

«አንድ ሺህ ፓኬት ቢሆን ነው፣ ጋሼ።»

ጻፉ። ከዚያ ብዕራቸው ቆመ። «ተመላሽ ነው የማይመለስ?»

ዞሬ ፈውዚያን አየኋት።

«አንተ ልጅ፣ ሞተር ጋራዥ ሲሄድ ተመላሽ ብዬ እመዘግበዋለሁ። ሲመጣ መዝገቤን አይቼ አስገባዋለሁ። ሳይወጣ ተመለስኩ የሚለኝን ግን አባርረዋለሁ። የናንተ ማሽን መዝገብ የለውም?»

አለው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያስተማረኝን ጋሽ ሂርጳ ከጥራዛቸው ላይ አነበቡልኝ።

«ተመላሽ ነው» አልኩ።

መውጫውን የሚያጸድቁት አቶ ወልደገብርኤል «ተመላሽ» የሚል ካዩ ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ የሚመለስ ነገር ምን ይሰረቃል? የእኛንም ፈረሙ። ራውተሩ የወጣውን እየመዘገበ መልሱን ብቻ እንዲያስገባ አደረግኩ። ሰነዱ መውጣት ጀመረ። ግን በልዩ ልዩ ድርሻ ነው፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሩቡ እንኳን አልሄደም።

ፈውዚያ ጥፍሯን እየበላች «የሳቸው ግማሽስ ምን እያደረገ ነው?» አለች።

«የኳስ ፎቶ እያወረደ።»

የሺውን መውጣት ሊያዩ ተከትለውን የመጡት ጋሽ ሂርጳ ጥራዛቸውን ገለጡ። የዕቃው ዓይነት፦ የሥራ አስኪያጅ ድርሻ። ብዛት፦ ግማሽ። ተመላሽ።

ፈውዚያ ይዛ ገባች። ተፈርሞ ወጣ፤ እኔም ግማሹን ወደ ልዩ ልዩ አዛወርኩት።

ለዘጠኝ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ሰነዱ ሄደ፤ «ደርሶናል» የሚለው መልስም በመዝገቡ ታይቶ ገባ። ኮንትራቷ በወሩ መጨረሻ ታደሰ።

ጋሽ ሂርጳ አሁንም በር ላይ ያስቆሙኛል።

«ሺው ተመልሷል፣ ፈርሜያለሁ። ግማሹስ?»

«ገና ነው፣ ጋሼ።»

«ይሁን። ጋራዥ የገባ ሞተርም እንዲሁ ነው የሚቆየው።»

አቶ ወልደገብርኤል ግን አንድም ቀን አላጉረመረሙም። ኢንተርኔታቸው የተንቀራፈፈው ጥብቅ ፍተሻ ስላለ እንደሆነ ለእንግዳ ሁሉ በኩራት ያስረዳሉ።