የውብአየሁ ዜሮዎች

እኔ ልሙት፣ ከዚህ ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል ብትገኝ ምላሴ ይቆረጥ፣ ውብአየሁ እሰበታው ቤቱ ቁጭ ብሎ የድምፅ መዛባት መለኪያው ላይ አፍጥጧል፣ ይለውጠው ወይስ ይተወው፣ ሦስት ዓመት የለፋበት አምፕሊፋየር አጠገቡ ነው፣ ድምፅ ያጎላል፣ ሲያጎላ ግን ምን ያህል ያዛባል? ፒያሳ ስቱዲዮ ያለው ጆኒ፣ ጋሼ መዛባቱ ከዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ አንድ በመቶ በታች መሆኑን አሳየኝ፣ በማግስቱ እተክለዋለሁ፣ ካልሆነ እርሳው፣ ብሎታል። እርሳው! ሦስት ዓመት ይረሳል?

መለኪያው ደግሞ በሬ ነው፣ ከተዘጋ ሬዲዮ ጣቢያ የወጣ፣ አራት ሰው ተሸክሞት ሁለቱ እስካሁን ጎብጠው ነው የሚሄዱት፣ ክፋቱ፣ መውጫውን ከራሱ መግቢያ ጋር በሽቦ ሲያገናኘው፣ አምፑ፣ ማለት አምፕሊፋየሩ፣ በመካከል ሳይኖር፣ መዛባት ያሳያል። ራሱ የሚያነክስ ሌላው አነከሰ ብሎ እንዴት ይመሰክራል? ቡራዩ ያለው ዕቃ ነጋዴ አብዱረዛቅ አዲስ የመለኪያ ሳጥን አለው፣ ጡብ የምታክል፣ ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ፣ ጋሼ አሮጌውን አምጣና ውሰዳት፣ ለብረቱ ነው የምፈልገው፣ ይላል። ለብረቱ? አብዱረዛቅ ለማይሠራ ዕቃ መቼ ቸኩሎ ያውቃል?

ዛሬ ሊሄድለት ነበር። መንገድ የለም፣ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን የተነሳ ሕዝቡ አድማ መትቶ የጅማ መንገድ ድንጋይ ለብሷል፣ አንድ ሚኒባስ የለም፣ ሱቁ ዝግ፣ ጎረቤቱ ኦቦ ነገሳ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ፣ አካም ጂርቱ ኦቦ ቢላቸው፣ ጋሪዳ ብለው ሰላምታውን መለሱና፣ ሬዲዮህ ስለ መሬታችን ምን አለ? ኧረ መለኪያ ነው ኦቦ። ይሁን፣ ምን አለ? ዞር ብሎ አየ፣ ሽቦው እንደተገናኘ ነው፣ የመዛባቱ ቁጥር ግን ዛሬ የለም ማለት ይቻላል፣ ምንም አላለም ኦቦ። እሱም ፈራ በለኛ! አሉ ኦቦ።

አይፈራም እኮ፣ ብረት ነው፣ ትናንት ይኸው ሽቦ፣ ይኸው ሶኬት፣ ታዲያ ምን ተለወጠ? ጆሮውን ጣል አደረገ። ጆሮው ውስጥ የነበረው ጉምጉምታ የለም፣ ፋብሪካዎቹ! ሠራተኛው ቤቱ ነው፣ ሞተሩ ሁሉ ቆሟል፣ ለካ በመብራቱ መስመር እየገባ ልኬቱን የሚያበላሽበት እሱ ነበር፣ ለካ በሬው ንጹሕ ነው፣ ሳጥኗንስ ቢያመጣ አምፑ የሚጠጣው ይህንኑ መብራት አይደል? በሬውን ለአብዱረዛቅ ሊሰጠው! በገዛ እጁ!

ምን ያስቅሃል አንተ፣ አሉ ኦቦ ነገሳ፣ አገሩ ዝም ስላለ ነው? አንገቱን ደፋ። እውነት ነው፣ እሳቸው መሬታቸውን እያሰቡ ነው፣ እሱ ዜሮ ያያል፣ ግን ጣቱ አምፑን እየሰካ ነው፣ ማወቅ አለበት፣ ምን አባቱ ያድርግ። ነገሩን ቢያስረዳቸው፣ በል ቶሎ ለካ፣ ይህ ዝምታ ውሎ አያድርም፣ አሉት። አበራው። ዜሮ ነጥብ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አምስት። ለጆኒ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ አብዱረዛቅም የብረቱ አምሮት ይቅርበት።

እሺ፣ ሳወራላችሁ ከዜሮዎቹ አንዷን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ያለ እሷም ጆኒ ይተክለዋል።