የዱካሞ ጉጉት

«ስልኩን ወዲህ በል!»

ዱካሞ ቀና ሳይል ስልኩ ከእጁ ተመነተፈ። የሸረሪት ድር ላይ የተንጠለጠለ ጤዛ ሊያነሳ እርጥብ ሣር ላይ ተንበርክኮ ስለነበር፣ አሥር የሚሆን ሰው ከኋላው ሲመጣ ኮቴ እንኳ አልሰማም። የነጠቀው ቴቦሆ ነው፤ በየጠዋቱ ከሱቁ ነጠላ ሲጋራ የሚገዛ ጎረምሳ። ከቴቦሆ ጀርባ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጎጎ» እያለ እንደ አያቱ የሚያከብራቸው ሊንዲዌ ብርድ ልብስ ተከናንበው ቆመዋል።

ዱካሞ ሆሳዕና ሳለ የሳይንስ አስተማሪ ነበር። ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም መጥቶ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና የበቆሎ ዱቄት መሸጥ ከጀመረ ሰባት ዓመት ሆነው፤ እስከ ዛሬ ስሙን የጠየቀው ሰው የለም። ለሰፈሩ እሱም፣ ሸሪኩ ማናሴም፣ ከእነሱ በፊት ሱቁን የያዙትም ያው «ማይ ፍሬንድ» ናቸው። እንዲህ ያለውን ወዳጅነት ለጠላትም አይስጥ። ከቀኑ ውስጥ የራሱ የሚላት ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ያለችው አንዲት ሰዓት ብቻ ናት፤ በእሷም እየተዘዋወረ ወፍና ነፍሳት ፎቶ ያነሳባታል።

ቴቦሆ ምስሎቹን በጣቱ ያንሸራትት ጀመር። ጥንዚዛ። ጉንዳን። ወፍ የሠራው የሣር ጎጆ። ደግሞ ጥንዚዛ። አንዳንዱ ሰው ሳቅ አለ፤ ዱካሞም በልቡ ተመስገን አለ። ከዚያ ጉጉቷ መጣች። ጉጉት ከፊት፣ ጉጉት ከጎን፣ ጉጉት ዓይኗን ጨፍና፤ የሦስት ሳምንት ጉጉት። ሳቁ ቀጥ አለ።

«ይኸው!» አለ ቴቦሆ ስልኩን ወደ ሰዉ አዙሮ። «አላልኳችሁም? ጠዋት ጠዋት እየሄደ ያናግረዋል!»

ጎጎ ሊንዲዌ ወደ ፊት ራመድ አሉ። «የልጅ ልጄ ሆስፒታል ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው። ያ ወፍ ጣሪያዬ ላይ ሲጮህ በጆሮዬ ሰማሁ፤ በማግስቱ ልጁ ማስታወክ ጀመረ። ንገረኝ ማይ ፍሬንድ፣ ወፉ ያንተ ነው?»

«የኔ አይደለም ጎጎ» አለ ዱካሞ፣ በተሰባበረ ዙሉና በእንግሊዝኛ መሃል እየተደናቀፈ።

«ታዲያ ማን ላከው?»

«ማንም አልላከውም። አይጥ ፍለጋ ነው የመጣው። እንዲያውም አይጥ ስለሚያጠፋልን...»

«አይጥ!» ስትል አንዲት ሴት ከኋላ ጮኸች። «አይጡማ ያንተው ሱቅ ነው ያለው! ልጁ የበላው ቺፕስ ከየት ተገዛና?»

ዱካሞ አፌን ባልከፈትኩ ኖሮ ብሎ ተጸጸተ። ባለፈው ወር ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ያለው የአንድ ሀበሻ ሱቅ የተቃጠለው በእንዲህ ዓይነት ወሬ ተጀምሮ ነው። ፈራ።

ማናሴ ወሬው ደርሶት፣ ሽርጡን እንዳገለደመ እያለከለከ መጣ። እሱ የዱራሜ ልጅ ነው፤ ሁለቱ የሚግባቡት በአማርኛ ነው።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ፎቶ አነሳሁ።»

«ፎቶ! ስንቴ ልንገርህ? ሰው እዚህ አገር ነፍሱን ለማትረፍ ይሯሯጣል፣ አንተ ጉጉት ታነሳለህ! እኛም አገር ቢሆን ጉጉት ክፉ ነው። በኢየሱስ ስም፣ ያሉህን አድርግላቸውና ገላግለን።»

ጎጎ ሊንዲዌ ከመሬት ድንጋይ አንስተው ዱካሞ እጅ ላይ አስቀመጡ። «ያንተ ካልሆነ ምታው» አሉት።

ጉጉቷ ሃያ እርምጃ ላይ፣ ጣሪያ ያልወጣለት ጅምር ቤት ግድግዳ ላይ ተቀምጣ በቢጫ ዓይኗ ታያቸዋለች። ይህ ሁሉ ሰው ሲንጫጫ አልበረረችም። ለምን እንደማትበር ከዱካሞ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ክንፏ ሥር ጫጩት አለች።

ወረወረ። ድንጋዩ ሁለት ክንድ ስቶ ግድግዳውን መታ።

«ሆን ብሎ ነው!» አለ ቴቦሆ።

ሆን ብሎ ነበር። ሰዉ እያጉረመረመ ወደ ዱካሞ ሲጠጋ ማናሴ ጎንበስ ብሎ ግማሽ ጡብ አነሳ። አንዴ ብቻ ነው የወረወረው፤ ጉጉቷ ወደቀች።

ቴቦሆ ፎቶዎቹን አንድ ሳያስቀር አጥፍቶ ስልኩን ሣሩ ላይ ጣለለትና፣ ወፏን በክንፏ እየጎተተ ሊያቃጥላት ሄደ። ሰዉም ተከተለው። ጎጎ ሊንዲዌ ብቻ ዘወር ብለው፣ «በሉ ሱቁን ክፈቱ፤ ዳቦ እፈልጋለሁ» አሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«እንሂድ» አለ ማናሴ። «እንደዚያ አትየኝ! ዱራሜ ሁለት ልጆች አሉኝ። ለወፍ ብዬ አልቃጠልም።»

«ሂድ፤ እመጣለሁ።»

ዱካሞ ጠላው። ማናሴ እውነት እንዳለው ያውቃል፤ ማወቁ ግን ጥላቻውን ቅንጣት አልቀነሰለትም።

ብቻውን ሲቀር ጡብ ደራርቦ ግድግዳው ላይ ወጣ። ጫጩቷ ነጭ ለስላሳ ላባዋን ነፍታ፣ መንቁሯን እያንቋቋች ጠበቀችው። እጁን ቢዘረጋላት ጣቱን ነክሳ አደማችው። ከጠዋት ጀምሮ ሰው የጠላው አንሶ እሷም ተጨመረችበት። ሹራቡን አውልቆ ጠቀለላት።

በሱቁ ፊት ሰልፍ ተሠርቷል። ዱካሞ በጓሮ በር ገባ። ማናሴ በፍርግርጉ ቀዳዳ ለጎጎ ሊንዲዌ ዳቦ እያቀበለ ነበር፤ ሹራቡ ውስጥ ሲንቋቋ ሰምቶ ዞር አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

ድመት ቢለው ይበቃ ነበር።

«ጉጉት ነው።»

ማናሴ ዳቦውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «የማን ጉጉት?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ ጎጎ ሊንዲዌ ከፍርግርጉ ማዶ፣ አንገታቸውን አስግገው።

ዱካሞ የሚደማ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ሹራቡን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«የኔ» አለ።